የፈረንጅ ክረምት ሌላ፣ የእኛ ክረምት ሌላ፦ ለፒካፕ ጎማ ከመግዛታችሁ በፊት

ሰኔ ገባ፣ ዝናቡም ጀማመረ። በዚህ ገጽ ሁልጊዜ የምጽፍላችሁ ስለ ዘር፣ ስለ ዋግ፣ ስለ ማዳበሪያ ነው። ዛሬ ግን ስለ ጎማ ልጽፍ ነው። «የግብርና ባለሙያን ከጎማ ጋር ምን አገናኘው?» የሚል እንደማይጠፋ አውቃለሁ። ዩሪያው ከመጋዘን ወጥቶ ቀበሌ ድረስ የሚመጣው በጎማ ነው። ከጭነቱ ላይ ተቀምጣችሁ የምትመጡትም እናንተ ናችሁ። ስለዚህ ያገናኘኛል።

አምና ሐምሌ ላይ የሆነውን ላስቀድም። በእኛ አካባቢ አምስት ገበሬዎች ገንዘብ አዋጥተው አንድ ፒካፕ ተከራዩ። የጫኑት 24 ከረጢት ዩሪያ ነው፤ 12 ኩንታል ማለት ነው። ሁለቱ ጋቢና ገቡ፣ ሦስቱ ከከረጢቱ ላይ ወጡ። ጠጠሩን መንገድ ይዘው ቁልቁለቱ ጋ ሲደርሱ የኋላው የግራ ጎማ ፈነዳ። መኪናው ዞሮ ቦይ ውስጥ ገባ። አንዱ ወንድማችን እግሩ ተሰበረ፣ እስካሁንም በምርኩዝ ነው የሚሄደው። ከረጢቱ ተቀድዶ ዩሪያው ዝናብ ላይ ተዘረገፈ። ዩሪያ ውሃ ሲያገኝ ምን እንደሚሆን ለእናንተ አልነግራችሁም። የአምስት ቤተሰብ ጤፍ በዚያ ዓመት ያለ ዩሪያ ከረመ።

በማግስቱ ሄጄ ጎማውን አየሁት። የገረመኝ ጥርሱ ገና አላለቀም። ባለ መኪናው፣ እሱም የእኛው ገበሬ ነው፣ አንገቱን ደፍቶ «እኔ እኮ ቁጥሩን አይቼ ነው የገዛሁት። 15 ይላል፤ የ2015 ነው፣ ገና ሁለት ዓመቱ ነው ብዬ ነው» አለኝ። እውነቱን ነው፣ 15 ይላል። ግን የማን 15? ፋብሪካው የሚቆጥረው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው። ጎማው ላይ ያለው ቁጥር 3015 ነበር፤ በፈረንጅ 2015 ዓ.ም. በ30ኛው ሳምንት ተሠራ ማለት ነው። በእኛ ሲመጣ ሐምሌ 2007። አሥር ዓመት የሞላው ጎማ ነው እንደ አዲስ የተገዛው። ሻጩ ያውቅ አያውቅ እንጃ፣ ብቻ ገዢውን አላረመውም።

እስቲ ይህን ቁጥር አብረን እንየው፤ ከዚህ ጽሑፍ ሌላውን ሁሉ ብትረሱ ይህን አትርሱብኝ። በጎማው ጎን ላይ «ዲ ኦ ቲ» የሚሉ ሦስት የፈረንጅ ፊደላት አሉ። ከእነሱ ቀጥሎ ፊደልና ቁጥር ተቀላቅሎ ይሄድና መጨረሻው ላይ አራት ቁጥር ለብቻው ይመጣል። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ሳምንት ናቸው፣ የኋለኞቹ ሁለቱ ዓመት። ወደ እኛ ለመመለስ፣ ሳምንቱ ከ37 በታች ከሆነ ከዓመቱ 8 ቀንሱ፤ 37 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ መስከረም ጠብቷልና 7 ቀንሱ። 1024 ቢል የካቲት መጨረሻ 2016 ነው። 4523 ቢል ደግሞ ጥቅምት መጨረሻ፣ እሱም 2016። አያችሁ? አንዱ 24 አንዱ 23 ይላል፣ በእኛ ግን ሁለቱም የአንድ ዓመት ናቸው።

ዘንድሮ በጣም የምፈራው መጨረሻው 17 እና 18 የሆነውን ጎማ ነው። የእኛ ዘመን 2018 ስለሆነ «የአምናና የዘንድሮ» ይመስላል። ስምንትና ዘጠኝ ዓመት ያለፈው ጎማ ነው።

አንዳንዴ ቁጥሩን ፈልጋችሁ ታጡታላችሁ። ብዙ ጊዜ ሙሉው የሚጻፈው በአንድ ጎን ብቻ ስለሆነ፣ መኪና ላይ የገባ ከሆነ በውስጥ በኩል ይሆናል። ስልካችሁን መብራቱን አብርታችሁ ከስር አስገቡና ፎቶ አንሱት፤ ከዚያ በጣታችሁ አስፍታችሁ አንብቡ። አራት ሳይሆን ሦስት ቁጥር ብቻ ካለው ደግሞ በፈረንጅ ከ2000 በፊት የተሠራ ነው። እሱን ለከብት ውሃ ማጠጫ አድርጉት።

«ጥርሱ ካለ ዕድሜው ምን ያደርጋል?» ትሉኝ ይሆናል። ጎማ ሳይሠራም ያረጃል። ፀሐይ፣ ሙቀትና አየር ያደርቀዋል፣ ውስጡ ያለው ሽቦና ጨርቅ ከጎማው መላቀቅ ይጀምራል። ላዩ አምሮ ውስጡ የሞተ ይሆናል፣ ነቀዝ እንደበላው ባቄላ። ብዙ አምራቾች ከአምስት ዓመት በኋላ በየዓመቱ በባለሙያ ይታይ፣ አሥር ዓመት ከሞላው ደግሞ ጥርስ ቢኖረውም ይጣል ይላሉ። የእኔ ሐሳብ ጠንከር ያለ ነው፦ ኩንታል የሚጫንበት፣ ኮረኮንች ላይ የሚውል የፒካፕ የኋላ ጎማ ስድስት ዓመት ካለፈው አትመኑት። በጥፍራችሁ ጎኑን ጫን ብላችሁ እዩት፤ ቀጫጭን ስንጥቅ ካለው ዕድሜውን ራሱ ተናግሯል።

ሁለተኛው ስህተት የሚመጣው ከስልካችን ነው። የቀበሌያችን አንድ ወጣት ጀርመን ያለው የአክስቱ ልጅ «ለክረምት ጎማ ቀየርኩ» ብሎ ነገረው። እሱም ስልኩ ላይ የክረምት ጎማ እያለ ሲፈልግ ፒካፕ በነጭ በረዶ ላይ ሲበር አየ። «በረዶውን እንዲህ ካለፈው ጭቃውማ ምን አባቱ!» ብሎ ሊገዛ ተነሣ። ስሙ ነው ያሳሳተው። እነሱ ክረምት የሚሉት ብርዱን ነው፣ እኛ ዝናቡን። በረዶም ስንል እኛ ቆርቆሮ የሚደበድበውን፣ ስንዴ የሚያረግፈውን ነው፤ የእነሱ እንደ ባዘቶ ቀስ ብሎ ወርዶ መሬት ላይ የሚተኛ ነው።

የእነሱ ጎማ ለእነሱ አገር ጥሩ ነው፣ እሱን አልክድም። ጎማ ሲቀዘቅዝ ይደርቃል፣ ሲደርቅ መሬት አይዝም። ስለዚህ ሙቀቱ ከ7 ዲግሪ ሲወርድም ለስላሳ ሆኖ የሚቆይ ጎማ ይሠራሉ። ጥርሱ ላይ ደግሞ በምላጭ የተተለተለ የሚመስል ቀጭን ስንጥቅ ይበዛበታል። ጎኑ ላይ ሦስት ጫፍ ያለው ተራራ በውስጡም የበረዶ ምልክት አለው፤ ያ ምልክት በበረዶ ላይ ተፈትኖ ያለፈ ማለት ነው። እንደ ኦስትሪያ ባለው አገር በክረምት ጥርሱ ከ4 ሚሊ ሜትር ያነሰ የበረዶ ጎማ እንደ ክረምት ጎማ አይቆጠርም፤ ያን ያህል ይጠነቀቁለታል።

አሁን ልዩነቱን ልብ በሉ። የበረዶ ጎማ በረዶውን ጥርሱ ውስጥ ጠቅጥቆ መያዝ አለበት፣ ምክንያቱም በረዶ ከበረዶ ጋር ይጣበቃል። ልጆች በረዶ ጠፍጥፈው ሲወራወሩ በፊልም አይታችሁ የለ? ለዚያ ነው። ጭቃ ግን ተቃራኒው ነው። ዋልካ ጥርሱ ውስጥ ገብቶ ከቀረ ጎማው ልሙጥ ይሆናል፣ በሳሙና የተቀባ እንስራ በሉት። ለጭቃ የሚሆነው ጎማ ሲሽከረከር የያዘውን ጭቃ የሚተፋ፣ በጥርስና በጥርስ መካከል ሰፊ ክፍተት ያለው ነው። የበረዶው ቀጭን ስንጥቅ በመረሬ መሬት ላይ አንድ ዙር ሳይዞር ይደፈናል። ከዚያ ጥቅምት ሲመጣ፣ መንገዱ ሲደርቅ፣ ወደ ቆላ ገበያ ስትወርዱ ያ ለስላሳ ጎማ እንደ ሻማ ያልቃል፤ ጭነት ሲበዛበትም ይንሸዋረራል።

ስለዚህ ተራራና በረዶ የተሳለበትን ጎማ «የክረምት ነው» ቢሏችሁ አትውሰዱት፤ ያገለገለ መኪና ስትገዙም ጎማውን በዚህ ዓይን እዩት። «ኤም» እና «ኤስ» የሚል ፊደል ብቻ ካለው ደግሞ ሻጩ «ኤም ማለት ጭቃ ነው» ይላችኋል። ትርጉሙስ ልክ ነው፤ ግን ያን አምራቹ ራሱ ጥርሱን አይቶ የሚጽፈው ነው እንጂ ተፈትኖ የተሰጠ ምስክር አይደለም። ፊደሉን ትታችሁ ጥርሱን እዩ። ጣታችሁ በክፍተቱ ውስጥ ይገባል? ክፍተቱ እስከ ጎማው ትከሻ ድረስ ክፍት ነው? ጭቃው የሚወጣው በዚያ ነው።

ታዲያ የቱን እንግዛ? ለአብዛኞቻችሁ መካከለኛ ጥርስ ያለው፣ «ለሁሉም መንገድ» የሚባለው ይበቃል። ትልልቁን የጭቃ ጎማ ብዙ ወጣት ይወደዋል፣ ያምራልም። አስፋልት ላይ ግን ይጮኻል፣ ቶሎ ያልቃል፣ ከሁሉም በላይ እርጥብ አስፋልት ላይ ፍሬን ሲያዝ ራቅ ብሎ ነው የሚቆመው። እንደ ሞረትና ጅሩ ባለ ጥቁር አፈር ላይ ውሎ የሚያድር፣ አስፋልት በሳምንት አንዴ የማይወጣ ሰው ቢገዛው አልቃወምም። ሌላው ገንዘቡን ይያዝ።

ከጥርሱ እኩል የሚታየው ጉልበቱ ነው። ከጎማው ልክ ቀጥሎ ያለው ቁጥር አንዱ ጎማ ስንት እንደሚሸከም ይናገራል፦ 100 ካለ 800 ኪሎ፣ 106 ካለ 950 ኪሎ፣ 112 ካለ 1,120 ኪሎ ነው። ለጭነት የተሠራው ጎማ ልኩ መጨረሻ ላይ «ሲ» የሚል ፊደል፣ አንዳንዱ ደግሞ መነሻው ወይም መጨረሻው ላይ «ኤል ቲ» አለው። የቤት መኪና ጎማ ቸርኬው ላይ ልክክ ብሎ ሊገባ ይችላል፣ ርካሽም ነው፣ ግን የእናንተን ስንዴ አይሸከምም። ትክክለኛው ልክና የሚሞላው ንፋስ በሹፌሩ በር ምሰሶ ላይ በተለጠፈው ወረቀት ላይ አለ። ወረቀቱ ለባዶና ለጭነት ሁለት ቁጥር ከለየ፣ ስትጭኑ የጭነቱን ተከተሉ። ጎማም 112 ቢሆን መኪናው ራሱ ልክ አለው፤ ፒካፕ በአብዛኛው አንድ ቶን ገደማ ነው፣ ሰዎቹም ተቆጥረው። አምና እነዚያ 12 ኩንታል ላይ አምስት ሰውና ሹፌር ነበሩ።

ጥርሱ ያለቀውን ጎማ በጋለ ቢላ እየቀረጹ አዲስ የሚያስመስሉ አሉ። የተቀረጸ ጎማ ክፍተቱ ስር ሽቦ ወይም ጨርቅ ብቅ ይላል፣ ጠርዙም ሸካራ ነው። በክፍተቱ ውስጥ ፋብሪካው የተዋቸው ትንንሽ ጉብታዎች አሉ፤ ጥርሱ አልቆ ከእነሱ ጋር እኩል ሲሆን 1.6 ሚሊ ሜትር ብቻ ቀርቶታል። ቢላ የገባበት ጎማ ላይ ጉብታው ተቆርጦ ታገኙታላችሁ።

አራቱን መግዛት ካልቻላችሁ ሁለት ግዙና ከኋላ አስገቡ። ብዙ ሹፌር ከፊት ነው የሚያስገባው፣ ጎሚስታውም ዝም ይላል። የኋላው ሲንሸራተት ግን መሪ አይመልሰውም። ባዶ ፒካፕ ደግሞ ቂጡ ቀላል ስለሆነ ጭቃ ላይ ጎማው በቦታው ይሽከረከራል። የበረዶ አገር ሰዎች ለዚህ ያላቸውን ዘዴ ወድጄዋለሁ፦ ሁለት ሦስት ጆንያ አሸዋ ከኋላ ጎማዎቹ በላይ አስረው ይሄዳሉ። እኛም ሳንጭን ስንሄድ ብናደርገው ይሠራል፤ ስትጭኑ ግን አውርዱት። ፎር ዊል አለኝ የሚል ካለ፣ ፎር ዊል ለመሄድ ነው እንጂ ለመቆም አይረዳም። ቁልቁለት ላይ ሁሉም እኩል ነው።

ጭቃ ላይ ንፋስ ቀነስ ማድረግ ይጠቅማል፣ እውነት ነው። ችግሩ አስፋልት ሲወጡ መሙላቱ ይረሳል። ንፋስ ያነሰው ጎማ በጭነት ሲሄድ ይግላል፣ ሲግል ይፈነዳል። መሙያ ከሌላችሁ አትቀንሱ። ሰንሰለት የሚያስሩም ከጭቃው ሲወጡ ይፍቱት፣ ጎማውን ይቆርጠዋል።

አንድ ነገር ደግሞ በግልጽ ልበል። ሌሊቱን ሲዘንብ ያደረ ዋልካ ላይ ምንም ጎማ አይሠራም። ማንም ሻጭ አይንገራችሁ። እዚያ ላይ መኪና ማስገባት መንገዱንም ለበጋ ማበላሸት ነው። ጠጠሩ መንገድ ዳር አራግፉ፣ ሸራ አልብሱ፣ ከዚያ በአህያ። ግማሽ ቀን ይፈጃል፣ ይፍጅ።

እነዚያ አምስቱ ገበሬዎች ዘንድሮም ተዋጥተዋል። ባለፈው ሳምንት ዩሪያ ሊጭኑ ሲሄዱ ሹፌሩን የጎማውን ቁጥር አሳየን አሉት። ሰውየው ተቆጣ፣ «መኪና ነው የምትከራዩ ወይስ ጎማ?» አላቸው። ተዉትና ሌላ ጠየቁ። ሁለተኛው ራሱ ጎንበስ ብሎ በስልኩ አበራላቸው፤ 3822 ይል ነበር። ቁጭ ብለው 7 ቀነሱ፣ 2015 መጣ። ከዚያ 16 ከረጢት ብቻ ጫኑ፤ ሁለት ሰው ጋቢና ገባ፣ ሦስቱ በእግር መጡ። የቀረውን ዛሬ ያመጣሉ።