ጀርባችንን ለፀሐይ ሰጥተን

ባለፈው ቅዳሜ ሦስተኛ ክፍል የምትማረውን የልጅ ልጄን ይዤ ፒያሳ ወጥቼ ነበር። ቀትር ላይ ምኒልክ አደባባይ ስንደርስ ቆም አለችና፣ «እማማ፣ ጠዋት ጥላዬ ረጅም ነበር፤ አሁን የት ሄደ?» አለችኝ።

ልጅ ከሚነገረው ይልቅ ያየውን አይረሳም። በማግስቱ ጣሳ ውስጥ አፈር ሞልተን የመጥረጊያ እንጨት ተከልንና ግቢው ላይ አቆምነው። በየሁለት ሰዓቱ የጥላውን ጫፍ በጠመኔ ምልክት አደረገች። ጠዋት ወደ ምዕራብ የተዘረጋው ጥላ ስድስት ሰዓት ተኩል ገደማ ከሁሉ አጠረ፤ ከዚያ ወደ ምሥራቅ ረዘመ። «ፀሐይ ከፍ ስትል ጥላ ያጥራል!» አለች፣ ራሷ ደርሳበት። አዲስ አበባ ላይ በዓመት ሁለቴ፣ ሚያዝያ 5 እና ነሐሴ 23 አካባቢ፣ ፀሐይ ቀትር ላይ ልክ ከአናታችን በላይ ስለምትሆን የእንጨቱ ጥላ ጭራሽ ይጠፋል። ያን ቀን ጠብቃችሁ አሳዩአቸው።

ልጅቷ ግን ፀሐይዋን ለማየት ቀና ስትል ደንግጬ ዓይኗን በእጄ ከለልኩ። ምክንያት አለኝ።

ሰኔ 14 ቀን 2012 ዓ.ም. ላሊበላ ላይ ፀሐይ እንደ ቀለበት የታየችበት ግርዶሽ እኛም ዘንድ በከፊል ታይቶ ነበር። ያን ጠዋት የሰፈር ልጆች በራጅ ፊልም ሲያዩ ደረስኩባቸው። ፊልሙ የገዛ ጉልበቴ ራጅ ነበር። አንዱ ልጅ ሲለምነኝ ለምን እንደፈለገው ሳልጠይቅ የሰጠሁት እኔው ነኝ፤ ያውም ዕድሜዬን በነርስነት የኖርኩት!

ራጅ፣ ጥቁር መነጽር፣ በጭስ የጠቆረ መስታወት ብርሃኑን ያደበዝዛሉ እንጂ ጎጂውን ጨረር በደንብ አያግዱም። ሬቲና ደግሞ ሲቃጠል አያምም፤ ልጁ ጉዳቱን የሚያውቀው ዘግይቶ፣ ማየት ሲቸግረው ነው።

ሐምሌ 26 ቀን 2019 ዓ.ም. በግብፅ ሉክሶር ፀሐይ ሙሉ በሙሉ የምትሸፈንበት ግርዶሽ አለ፤ በአገራችንም በከፊል ይሆናል። ያኔ ትምህርት ቤት ዝግ ነው፤ ልጆቹ በእኛ እጅ ናቸው። ካርቶን በመርፌ ብሱ፣ ጀርባችሁን ለፀሐይ ስጡ፣ በቀዳዳው የሚያልፈውን ብርሃን ነጭ ወረቀት ላይ ጣሉት። በቀዳዳው ወደ ፀሐይ ማየት ግን ክልክል ነው። ወረቀቱ ላይ የተገመሰች ትንሽ ፀሐይ ታያላችሁ።

ከአሁኑ በእንጨትና በጠመኔ ካስለመድናቸው፣ ያን ቀን ቀና አትበሉ ስንላቸው ይሰሙናል።