የወደቀ ተውኔትና የትንሽ አዳራሽ ዋጋ

«የወደቀ ዛፍ ምሣር ይበዛበታል» የሚለው ተረት በቴአትር ላይ የሚሠራውን ያህል በሌላ ሙያ ላይ የሚሠራ አይመስለንም። መጽሐፍ ቢነቀፍ በመደርደሪያ ላይ ተቀምጦ የሚረዳውን አንባቢ ይጠብቃል። ተውኔት ግን በመጀመሪያው ሳምንት ተመልካች ካጣ መብራቱ ይጠፋል፤ ተዋናዮቹ ይበተናሉ፤ ከዚያ ወዲያ «ያ የወደቀው» ከመባል በቀር ስም የለውም። የዛሬው ርእሰ አንቀጻችን የሚከራከረው ለዚህ ዐይነቱ ሥራ ነው። የወደቀ ሁሉ የሞተ አይደለም፤ አንዳንዱ የወደቀው ሳይበስል ከዐቅሙ በላይ በሆነ መድረክ ላይ ስለ ወጣ ነው እንላለን።

ዋናው ምስክራችን «ሜሪሊ ዊ ሮል አሎንግ» የተባለው የአሜሪካ የሙዚቃ ቴአትር ነው። ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው። ታሪኩ ኮፍማንና ሃርት የተባሉ ደራስያን በ1934 ካሳዩት ተውኔት የተወሰደ ሲሆን፣ ዜማውንና ግጥሙን ስቲቭን ሶንድሃይም፣ ንግግሩን ጆርጅ ፈርዝ ጽፈውት፣ ሃሮልድ ፕሪንስ አዘጋጅቶት በኖቬምበር 1981 በኒውዮርክ ብሮድዌይ ለሕዝብ ቀረበ። ሶንድሃይምና ፕሪንስ በዚያን ጊዜ በሙያቸው አንቱ የተባሉ ነበሩ። ሆኖም ሥራቸው ከተመረቀ በኋላ 16 ጊዜ ብቻ ታይቶ ተዘጋ።

ታሪኩ የሦስት ጓደኛሞች ነው። ፍራንክ የዜማ ደራሲ፣ ቻርሊ የግጥምና የተውኔት ጸሐፊ፣ ሜሪ የልብ ወለድ ጸሐፊ ናቸው። ተውኔቱ የሚነገረው ከኋላ ወደ ፊት ነው። መጋረጃው ሲከፈት ፍራንክ ሙዚቃውን ትቶ በፊልም ሥራ ባለጠጋ ሆኗል፤ ከቻርሊ ጋር ተቈራርጧል፤ ሜሪም በመጠጥ ተጎድታለች። ከዚያ በኋላ እያንዳንዱ ትዕይንት ወደ ቀድሞው ዘመን ይመልሰናል። በመጨረሻም በ1957 ሌሊት ሦስቱ ወጣቶች በአንድ ጣራ ላይ ሆነው ስፑትኒክ በሰማይ ሲያልፍ ሲመለከቱና ዓለምን እንለውጣለን ሲሉ እናያቸዋለን። እነርሱ ደስ ይላቸዋል፤ የሚደርስባቸውን አስቀድሞ ያየው ተመልካች ግን ልቡ ይሰበራል።

እንዲህ ያለ ሐሳብ ይዞ ስለ ምን ወደቀ? አንደኛ፣ ተዋናዮቹ በአብዛኛው ከሃያ አምስት ዓመት በታች የሆኑ ልጆች ነበሩ። እነርሱ ደግሞ በመጀመሪያው ትዕይንት የአርባ ዓመት ሰዎችን መምሰል ነበረባቸው። ተመልካቹ ማን ማን እንደሆነ መለየት ስለ ተቸገረ፣ የተሰፋው የመድረክ ልብስ ተጥሎ የየሰዉ ማንነት ደረቱ ላይ የተጻፈበት ሹራብ እስከ ማልበስ ተደርሷል። ሁለተኛ፣ ፍራንክ ሲከፋ እንጂ ሲያምር ሳናውቀው ስለምንገናኘው፣ ምን እንደ ጠፋ ሳይገባን እንጠላዋለን። በሙከራው ትርኢት ጊዜ ብዙ ሰው እያቋረጠ ይወጣ ነበር። ሦስተኛ፣ አዳራሹ ከ1,300 በላይ መቀመጫ ያለው ነበር። የጓደኛሞችን ኩርፊያና ዝምታ የሚተርክ ተውኔት እንዲህ ባለ ቤት ውስጥ ከመጮህ በቀር ምን ያደርጋል?

ነገር ግን አንድ ነገር አልሞተም። ትርኢቱ በተዘጋ ማግስት እነዚያው ልጆች ተሰብስበው ዘፈኖቹን በሸክላ አስቀረጹ። ተውኔቱን ያላየ ሰው ዘፈኑን ሰማ፤ «ይህን የመሰለ ዜማ ያለበት ሥራ እንዴት ይጣላል?» የሚለውም ጥያቄ ከዚያ ተነሣ።

ደራስያኑም አላኰረፉም። በ1985 በካሊፎርንያ ላ ሆያ፣ ጄምስ ላፓይን አዘጋጅ ሆኖ፣ ጥገናው ተጀመረ። ታሪኩን ከፊትና ከኋላ አቅፎት የነበረው የትምህርት ቤት ምረቃ ተቈርጦ ወጣ፤ የመክፈቻው ግብዣ ዘፈን በሌላ ተተካ፤ ሚናዎቹም ወደ ኋላ እየሄዱ ወጣት መምሰል ለሚችሉ ለአካለ መጠን የደረሱ ተዋናዮች ተሰጡ። ከዚያ በ1992 በእንግሊዝ አገር በሌስተር፣ በ1994 በኒውዮርክ አነስተኛ መድረክ፣ በ2000 ደግሞ 250 ያህል ሰው በሚይዘው በለንደኑ ዶንማር ቴአትር ታየ። የሚያስደንቀው በ1981 የወደቀው ሥራ በ2001 በእንግሊዝ የኦሊቪየር ሽልማት «ምርጥ አዲስ የሙዚቃ ቴአትር» መባሉ ነው።

በ1992 ሜሪን ሆና የተጫወተችው ማሪያ ፍሪድማን በ2012 በለንደን ሜኒየር ቾኮሌት ፋክተሪ አዘጋጅ ሆና ብቅ አለች። ይህ ቤት ቀድሞ የቸኮላታ ፋብሪካ የነበረ ሲሆን ከ200 ሰው በታች ይይዛል። እዚያ የፍራንክ ፊት በቅርብ ይታያል፤ ጸጸቱ ከመጀመሪያው ደቂቃ ጀምሮ ይነበባል። በትልቁ አዳራሽ ትዕቢት መስሎ የታየው፣ በትንሹ አዳራሽ ሐዘን ሆኖ ታየ። ይኸው ዝግጅት በ2022 በኒውዮርክ ሌላ ትንሽ ቴአትር ገብቶ፣ በ2023 ወደ ብሮድዌይ ተመለሰ። በ2024 አራት የቶኒ ሽልማት ሲወስድ አንዱ በ1981 ሙዚቃውን ለኦርኬስትራ ያቀናበረው የጆናታን ተኒክ ነበር። ፈርዝ በ2008፣ ፕሪንስ በ2019፣ ሶንድሃይም በ2021 ስላረፉ ይህን ቀን አላዩም።

ከዚህ ተነሥቶ «እንግዲያው ትንሽ አዳራሽ ሁሉን ያድናል» የሚል ቢኖር፣ ሁለተኛውን ምስክር እንጥራ። የሌናርድ በርንስታይን «ካንዲድ» በ1956 ብሮድዌይ ላይ 73 ጊዜ ታይቶ ተዘጋ። ሙዚቃው ሲመሰገን የሊሊያን ሄልማን ድርሰት ከበደ ተባለ። በ1973 ያው ሃሮልድ ፕሪንስ በብሩክሊን በአንድ ትንሽ ቴአትር፣ ተመልካቹን በመድረኮች መካከል አስቀምጦ፣ በሂዩ ዊለር አዲስ ጽሑፍ አሳየው። በሚቀጥለው ዓመት ወደ ብሮድዌይ ተዛውሮ 740 ጊዜ ታየ። ዳሩ ግን ከበርንስታይን ሙዚቃ ብዙው ተቈርጦ፣ ኦርኬስትራውም ወደ ዐሥራ ሦስት ሰው ወርዶ ነበር። የተጣለውን ሙዚቃ መልሶ ለመሰብሰብ ከ1982 ጀምሮ በኦፔራ ቤቶች ሌላ ልፋት አስፈለገ። ጠጋኝ የቀደደውን የሚሰፋለት ሌላ ጠጋኝ መጣ ማለት ነው። ስለዚህ ትንሽ አዳራሽ ጥቅም ብቻ ሳይሆን ዋጋም አለው፤ የሚቈርጥ ሰው የሚቈርጠውን ማወቅ፣ የቈረጠውንም ማስቀመጥ አለበት።

አንዳንድ ጓደኞቻችን «መጥፎ ተውኔት መጥፎ ነው፤ ጊዜና ገንዘብ ለአዲስ ሥራ ይዋል» ይላሉ። ክርክሩ ክብደት አለው፤ ለወደቀ ሁሉ ትንሣኤ ይገባዋል አንልም። መለያው ግን አስቸጋሪ አይደለም። ሥራው ከተዘጋ በኋላ ከውስጡ አንድ ነገር፣ ዜማ ወይም ትዕይንት፣ በሰው አፍ ላይ ከቀረ፣ ሕይወት አለው ማለት ነው። ምንም ካልቀረ በሰላም ይረፍ።

ይህን ሁሉ በተማሪዎች ጋዜጣ ላይ የምንጽፈው ያለ ምክንያት አይደለም። በግቢያችን ተማሪ የጻፈው ተውኔት በትልቁ አዳራሽ አንድ ምሽት ይታያል፤ ከኋላ የተቀመጠው አይሰማም፤ ፉጨት ይነሣል፤ በማግስቱ ጽሑፉ የት እንደ ገባ የሚያውቅ የለም፤ ደራሲውም ዳግመኛ ብዕር አያነሣም። በዚህ ዐይነት አንድ ተውኔት ብቻ ሳይሆን አንድ ጸሐፊ ይጠፋብናል። ሶንድሃይምን የሚያህል ሰው ሥራውን ለማቃናት ዓመታት ከፈጀበት፣ የሃያ ዓመቱ ተማሪ በአንድ ምሽት እንዲፈረድበት ማድረግ ፍርደ ገምድልነት ነው።

ስለዚህ ለማኅበራችን መሪዎች ሦስት ነገር እናሳስባለን። በግቢያችን የሚታይ ተውኔት ሁሉ፣ ቢመሰገንም ቢነቀፍም፣ አንድ ቅጂው በማኅበሩ ጽሕፈት ቤት ይቀመጥ። ትርኢቱ ባለፈ በሳምንቱ ደራሲው፣ ተዋናዮቹና ፈቃደኛ መምህራን ተገናኝተው፣ ጥፋቱ ከጽሑፉ ነው፣ ከተዋናዩ ነው ወይስ ከአዳራሹ ብለው በግልጥ ይነጋገሩ። በየመንፈቁም አንድ ምሽት፣ ሃምሳ ወንበር በሚይዝ የመማሪያ ክፍል፣ ያለ መጋረጃና ያለ ጌጥ፣ የታረመ ሥራ እንደገና ይታይ። ወጪው የጥቂት ሻማና የወረቀት ዋጋ ቢሆን ነው።

መምህሮቻችንም በዚያ ምሽት ፊት ለፊት ተቀምጠው እንዲያዩልን እንለምናለን። በሃምሳ ወንበር ክፍል ውስጥ ደራሲው የሚያዛጋውንም፣ እንባውን የሚጠርገውንም ሰው በዐይኑ ያያል። እርማቱን የሚጀምረው ከዚያ ነው።