ሲዋካችን መንጋጋችንም ጋ ይድረስ



አልሐምዱሊላህ፣ በጀመዓችን ሲዋክ ከኪሱ የማይለየው ተማሪ ብዙ ነው። ከሶላት በፊትና ከእንቅልፍ ስንነቃ አፍን በሲዋክ ማጽዳት የተወደደ ሱና መሆኑን ሁላችንም እናውቃለን። ይሁን እንጂ አብዛኞቻችን የፊት ጥርሳችንን ሁለት ሦስት ጊዜ ነካ ነካ አድርገን ወደ ሶፍ እንገባለን። ቶሎ የሚቦረቦረው ግን የኋላው መንጋጋ ነው፤ የምግብ ትራፊ በስርጉዱ ውስጥ ይቀራልና።

ስለዚህ «ሲዋክ ካለኝ ብሩሽ ለምኔ» የሚለው አነጋገር ሊታረም ይገባል ባዮች ነን። ሱናው የሚፈልገው ንጽሕናን ነው። አራክም ይሁን የወይራ መፋቂያ፣ ጫፉ እስኪለሰልስ ታኝኮ በውስጥም በውጭም እስከ መጨረሻው መንጋጋ መድረስ አለበት፤ ያረጀው ጫፍም ይቆረጥ። በተጨማሪም ፍሎራይድ ባለው የጥርስ ሳሙና በቀን 2 ጊዜ፣ ለ2 ደቂቃ ያህል እንቦርሽ።

ከሁለቱ ፈጽሞ መዘለል የሌለበት የማታው ነው። ስንተኛ ጥርስን የሚያጥበው ምራቅ ይቀንሳል። በፈተና ሰሞን ደግሞ ስኳር የበዛበት ሻይ፣ ብስኩትና ለስላሳ እየቀማመስን እናመሻለን። ባክቴሪያዎች ስኳሩን ወደ አሲድ ስለሚለውጡት በየጊዜው መቀማመሱ ጥርስን ይጎዳል። ለመኝታ ውዱእ የምናደርግ ከሆነ ብሩሹን ከውዱኡ በኋላ እናድርገው፤ አረፋውን ተፍተን ካልተጉመጠመጥን ፍሎራይዱ ጥርሳችን ላይ ይቆያል። በረመዳንም ከሱሑር በኋላ፣ የፈጅር አዛን ሳይወጣ መቦረሽ ይቻላል።

ሌላው ችግራችን እስኪያመን መጠበቅ ነው። የጥርስ ውጫዊ ሽፋን ነርቭ ስለሌለው መቦርቦሩ ሲጀምር አይሰማንም። ሕመሙ ሌሊት ሲቀሰቅሰን ጉዳቱ ወደ ውስጥ ዘልቋል። ያኔ ቅርንፉድ መንከስ ወይም ያለ ሐኪም ትእዛዝ አንቲባዮቲክ መግዛት ቀዳዳውን አይደፍነውም። በጊዜ ቢታይ በማስሞላት የሚያልፈው ጥርስ ሲዘገይ ለመነቀል ይበቃል፤ የተነቀለ መንጋጋ ደግሞ ዳግም አይበቅልም። ድዳችን ሲደማም መቦረሽ አናቁም፤ በለስላሳ ብሩሽ እንቀጥል፣ ካልተሻለን እንታይ። ፊት ካበጠ፣ ትኩሳት ካለ ወይም መዋጥ ካስቸገረ ግን በዚያው ቀን ሐኪም ቤት መሄድ ግድ ነው።

በዚህ አጋጣሚ ለጀመዓችን አንድ ሐሳብ እናቀርባለን። ረመዳን ከመግባቱ በፊት በጤናው ዘርፍ የሚማሩ እህት ወንድሞቻችን ከጥርስ ሐኪሞች ጋር ተነጋግረው አንድ የምርመራ ቀን ያዘጋጁልን። ለሕክምና የሚከፍለው ላጣ ተማሪም ስሙ ሳይነሳ የምንደጋገፍበት መንገድ ይኑር። አካላችን ከአላህ የተሰጠን አማና ነው፤ ጥርሳችንም የዚሁ አማና አካል ነው።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላህ።