ካርዱ ላይ «ይቅማል» ተብሎ ተጻፈ

ጅግጅጋ ውስጥ አንድ ጎረምሳ ብቻውን ማውራት ከጀመረ ለሰፈሩ ሰው ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ የአወዳይ ጫት። የማይቅም ከሆነ ደግሞ ጂን ለክፎታል ተብሎ ቁርዓን ወደሚቀራበት ዒላጅ ይወሰዳል። ቶጎ ውጫሌም ቀብሪበያህም ይኸው ነው። ቤተሰብ እንዲህ ቢል አልፈርድበትም። የሚያናድደኝ ነጭ ጋዋን የለበሰው ባለሙያ «ይቅማል?» ብሎ ጠይቆ፣ «አዎ» ሲባል ጥያቄውን እዚያው ማቆሙ ነው።

ጫት ንጹሕ ነው እያልኩ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2005 የታተመው የኦደንዋልድና የባልደረቦቹ የሐርጌሳ ጥናት፣ በልጅነት የሚጀመርንና ልክ ያጣ ቃሚነትን ከከባድ የአእምሮ ሕመም ጋር አያይዞታል። ግን ጤነኛውም በሽተኛውም በሚቅምበት ከተማ «ይቅማል» የሚለው መልስ ብቻውን ምን ይለያል?

በዚህ መልስ ላይ የቆመ ሐኪም ከሚያልፋቸው መካከል ሉኮዲስትሮፊ የሚባሉ፣ የአንጎልን የነርቭ ክሮች የሚሸፍነውን ማየሊን የሚያበላሹ የዘር በሽታዎች አሉ። ብርቅ ናቸው፤ አብዛኛው የአእምሮ ሕመም ከነሱ አይመጣም። ሲመጣ ግን መልኩ ያሳስታል። እ.ኤ.አ. በ1992 ሃይድና ባልደረቦቹ ሜታክሮማቲክ የተባለው ዓይነት የያዛቸውን የ129 ሕሙማን የታተመ ታሪክ መርምረው ነበር። በሽታው ከ10 እስከ 30 ዓመት ባለው ዕድሜ ከጀመራቸው 53 በመቶዎቹ የሌለ ድምፅ እንደ መስማትና ያልሆነውን ሆነ ብሎ እንደ ማመን ያለ የአእምሮ መታወክ ነበረባቸው። እግር መጎተቱ ዘግይቶ ሊመጣ ይችላል። ያኔ ልጁ ሃሎፔሪዶል የተባለውን የአእምሮ ሕመም መድኃኒት ጀምሯልና «ያመጣው መድኃኒቱ ነው» ይባላል።

አድሬኖሉኮዲስትሮፊ የተባለው ሌላው ዓይነት ደግሞ አንጎልን ሲያጠቃ ብዙ ጊዜ ትንንሽ ወንዶችን ነው። ጎበዝ የነበረው ተማሪ ይቅበጠበጣል፣ ይረሳል፣ መምህሩን አይሰማም፤ ባለጌ ተብሎ ይገረፋል። ከኩላሊት በላይ ያለው አድሬናል ዕጢ ሲደክም ይዝላል፣ ያስመልሰዋል፣ ጨው ጨው ይለዋል፤ የመዳፉ መስመሮችና የድሮ ጠባሳዎቹ ይጠቁራሉ። ለዚህም መልስ አይጠፋም፤ ፀሐይ ነው! የሶማሌ ልጅ አብቲርሱን፣ የአባቶቹን ሐረግ፣ ሳያዛንፍ ይቆጥራል። ይህ በሽታ ወደ ወንድ ልጅ የሚሻገረው ግን በእናቱ በኩል ነው። የእናቱ ወንድም በምን ታሞ እንደሞተ የሚጠይቅ ሐኪም ያስፈልጋል።

«ብናውቀውስ ምን እናደርጋለን?» የሚሉኝ ግማሽ እውነት አላቸው። ለሜታክሮማቲኩ እ.ኤ.አ. በ2024 አሜሪካ የተፈቀደው የጂን ሕክምና ዋጋው 4.25 ሚሊዮን ዶላር ነው። የአድሬናል ድካም ግን በርካሽ የስቴሮይድ ክኒን ይታከማል፤ ካልታወቀ ተራ ትኩሳት ሊገድል ይችላል። ጥርጣሬው ቢኖር ለመጀመር የጉልበት ምላሽ የሚፈተንበት የላስቲክ መዶሻ፣ ልጁን በተረከዙ ማስኬድ፣ መዳፉን ገልጦ ማየት፣ የደም ሶዲየምና ፖታሲየም መለካት በቂ ነው። ኤም.አር.አይ ከዚያ በኋላ ይታሰብ።

ብዙ ሶማሌዎች በሚኖሩባት በአሜሪካዋ ሚኒሶታ ከእ.ኤ.አ. 2017 ጀምሮ አራስ ሁሉ ከተረከዙ በሚወሰድ ደም ለአድሬኖሉኮዲስትሮፊ ይመረመራል። እዚያ በሽታው የተገኘበት ሕፃን ቢኖር፣ የእናቱ ወንድሞችና የእኅቶቿ ልጆችም መመርመር ይገባቸዋል። ወሬው በስልክ በዚያው ቀን ጅግጅጋ ይደርሳል። አጎትየው ወደ ሐኪም ቢሄድ ግን የሚጠብቀው ያው «ይቅማል» የተባለበት ካርድ ነው።