ሰብእና የሌለው ሰው አለን?

በቅርቡ አንድ ተማሪ ለኢንሳይክሎፔዲያ ያዘጋጀውን ረቂቅ ጽሑፍ እንዳርምለት ሰጠኝ። ርእሱ «የሰብእና ሥነ ልቡና» ይላል። ዐረፍተ ነገሩ የተቃና፣ ሥርዓተ ነጥቡም የተጠበቀ ነበርና ሥራዬ ቀላል መስሎኝ ነበር። ሦስተኛው አንቀጽ ላይ ስደርስ ግን እንዲህ የሚል ገጠመኝ፤ «ዝምተኛ ሰዎች ጠንካራ ሰብእና ስለሌላቸው ለመሪነት አይበቁም።»

ይህን ማን አለ? መቼ? ምን መርምሮ? ጽሑፉ አይናገርም። የሰዋስው ስሕተት ግን አንድም የለበትም። እኛ አራሚዎች ብዙ ጊዜ የምንሳሳተው እዚህ ላይ ይመስለኛል፤ ፊደል ስናቃና ፍርዱን እናሳልፋለን።

በእኔ እምነት ችግሩ የሚጀምረው ከቃሉ ነው። «ሰብእና» የመጣው «ሰብእ» ከሚለው የግእዝ ቃል ነው፤ ሰው ማለት ነው። በዕለት ንግግራችን «ሰብእና የለውም» ስንል ግን እየወቀስን ነው። በሥነ ልቡና ትምህርት ሰብእና የሌለው ሰው የለም፤ ቁጡውም፣ ታጋሹም፣ ዓይነ አፋሩም፣ ተጫዋቹም አለው። ከዘርፉ መሥራቾች አንዱ የሆነው አሜሪካዊው ጎርደን ኦልፖርት እ.ኤ.አ. በ1937 ባሳተመው መጽሐፉ ምግባርንና ሰብእናን ለይቷል፤ በእርሱ አስተያየት ምግባር ማለት በመልካምነትና በክፋት ሚዛን የተመዘነ ሰብእና ነው። የሥነ ልቡና ባለሙያ ሥራ ደግሞ መግለጽ እንጂ መመዘን አይደለም። ረቂቁ ይህን ልዩነት በመጀመሪያው አንቀጽ ቢያስቀምጥ ኖሮ ሦስተኛው አንቀጽ ባልተበላሸ ነበር።

ሁለተኛው ጉድለት ሰውን በሣጥን መክተቱ ነው። ተማሪው የጥንት ግሪካውያን ሐኪሞች በደም፣ በአክታ፣ በቢጫ ሐሞትና በጥቁር ሐሞት የመሠረቱትን የአራት ጠባያት ክፍፍል እንደ ዛሬ ሳይንስ አቅርቦታል። ቦታው የታሪክ ክፍል ነው። ኦልፖርትና ሄንሪ ኦድበርት እ.ኤ.አ. በ1936 ሰውን ከሰው የሚለዩ ወደ 18,000 የሚጠጉ ቃላትን ከአንድ የእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት ለቀሙ። ተከታዮቻቸው ለዐሥርተ ዓመታት እያበጠሩ ዛሬ በስፋት ከሚሠራባቸው አምስት መለኪያዎች ደረሱ፤ ለአዲስ ነገር ክፍት መሆን፣ ጥንቁቅነት፣ ተግባቢነት፣ ተስማሚነትና የስሜት አለመረጋጋት ናቸው። እነዚህ እንደ ቁመት ልኬት ናቸው፤ አብዛኛው ሰው ከመካከል ይገኛል። ተቃውሞም አለ፤ ዋልተር ሚሸል እ.ኤ.አ. በ1968 የሰው አድራጎት እንደ ሁኔታው እጅግ እንደሚለዋወጥ አሳይቶ ረጅም ክርክር አስነሥቷል። ይህም በጽሑፉ መግባት አለበት።

ቃላቱንም ከባዕድ ድምፅ ከመገልበጥ በፊት የራሳችንን ማየት ይገባል። ሆደ ሰፊ፣ ሆደ ባሻ፣ ልበ ሙሉ፣ ግልፍተኛ የሚሉ ቃላት ያሉት ቋንቋ ለዚህ ትምህርት ድኻ አይደለም።

ተማሪውን ጠርቼ ያንን ዐረፍተ ነገር ከየት እንዳገኘው ጠየቅሁት። ጥቂት አቀርቅሮ ቆየና «እኔም ዝምተኛ ነኝ፤ ከልጅነቴ ጀምሮ ሲሉኝ የኖሩትን ነው የጻፍሁት» አለኝ።

ዐረፍተ ነገሩን በገዛ እጁ ሰረዘው። በምትኩ ዝምተኝነትና ተግባቢነት በአንድ መስመር ላይ ያሉ ሁለት ጫፎች መሆናቸውን፣ ማን ይህን እንዳጠና ከነዘመኑ ጻፈ። አንባቢ ሆይ፣ የኢንሳይክሎፔዲያ ጽሑፍ የሚከራከረው በሌለበት ብቻውን ተቀምጦ የሚያነብ ልጅ አለው። ያ ልጅ ዝምተኛ ቢሆን ስለ ራሱ ምን እንደሚያነብ አስቀድመን ልናስብለት ይገባል።