ዱላው ቀረ፤ ምትኩስ ወዴት አለ?

በአገራችን ፖለቲካ ዙሪያ የሚጻፈው አብዛኛው ስለ ሥልጣን፣ ስለ ወሰንና ስለ ምርጫ ነው። እኔ ዛሬ የማነሣው ጉዳይ ግን ስለምትቆጣ አንዲት የ15 ዓመት ልጃገረድ ነው። «ይህ ደግሞ ምኑ ፖለቲካ ነው?» የሚለኝ ካለ መልሴ አጭር ነው፤ ብዙ ዜጋ ከሥልጣን ጋር መጀመሪያ ፊት ለፊት የሚገናኘው በርእሰ መምህሩ ቢሮ ውስጥ ነው።

እንዲህ ያለችውን ልጅ ሁላችንም እናውቃታለን። ትማታለች፤ ትሳደባለች፤ ከክፍል ትጠፋለች፤ ከቤት ወጥታ ታድራለች። ወንድ ብትሆን ኖሮ «ጎረምሳ ነው፤ ይበርድለታል» ይባልላት ነበር። ለእርሷ የተዘጋጀው ስም ግን «ባለጌ»፣ «ስድ»፣ «ዐይን አውጣ» የሚል ነው። ወንድሟ ሲደባደብ ጥፋት ሠራ ይባላል፤ እርሷ ስትደባደብ ቤተሰብ ተዋረደ ይባላል። ከዚያ ወላጅ ይጠራል፤ ማስጠንቀቂያ ይጻፋል፤ በመጨረሻም ትባረራለች። የተባረረች ልጃገረድ ምን እንደሚጠብቃት ደግሞ የማያውቅ የለም፤ ያለ ዕድሜ ጋብቻ፣ የሰው ቤት ሠራተኝነት፣ ጎዳና፣ ወይም በደላላ እጅ ወደ ዐረብ አገር።

ሕጋችን በዚህ ረገድ የሠራውን መካድ አይገባም። በ1949 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ግርፋትን ለወጣት ጥፋተኞች ቅጣት አድርጎ ይፈቅድ ነበር። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 36 ሕፃናት በትምህርት ቤትም ሆነ በማሳደጊያ ተቋም ከአካል ቅጣት ነፃ የመሆን መብት እንዳላቸው ደነገገ። በዐዋጅ ቁጥር 414/1996 የወጣው የወንጀል ሕግም ግርፋትን አስቀረ። መልካም ሆነ። ይሁን እንጂ ዱላው ከመምህሩ እጅ ሲወሰድ በምትኩ ያስጨበጡት ነገር አልነበረም። ባዶ እጅ ደግሞ ወደ ለመደው ይመለሳል፤ ዱላው በብዙ ትምህርት ቤት ዛሬም አልጠፋም። በጠፋበትም ቦታ የቀረው ማባረር ብቻ ነው።

ምትክ ግን አለ። ብዙ ወገኖቻችን በሚኖሩባት በሲያትል ከተማ፣ በዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ያስተምሩ የነበሩት የሥነ ልቦና ሊቅ ማርሻ ሊንሃን፣ ስሜትን መግዛት እንደ ማንኛውም ሙያ ሊማሩት የሚቻል መሆኑን የሚያሳይ የሥልጠና መጽሐፍ እ.ኤ.አ. በ1993 አሳተሙ። ሥልጠናው መጀመሪያ የተዘጋጀው ራሳቸውን ለመግደል ለሚሞክሩ ሴቶች ነበር። እኚህ ሴት ራሳቸው በ17 ዓመታቸው የአእምሮ ሆስፒታል ገብተው ከሁለት ዓመት በላይ መቆየታቸውን እ.ኤ.አ. በ2011 በይፋ ተናግረዋል።

ይኸው ዘዴ ከሲያትል በስተምሥራቅ በሚገኘው ኤኮ ግሌን በተባለ የወጣት ጥፋተኞች ማረሚያ ለታሰሩ ልጃገረዶች ተሰጠ። እ.ኤ.አ. በ2002 የታተመው ጥናት ሠራተኞቹ ረዘም ያለ ሥልጠና ባገኙበት ክፍል የልጃገረዶቹ ረብሻ መቀነሱን፣ ሥልጠናው አጭር በነበረበት ክፍል ግን እንዲህ ያለ ለውጥ አለመታየቱን ገለጸ። ሁለቱ ክፍሎች የያዟቸው ልጆች አንድ ዓይነት ባይሆኑም፣ ለይስሙላ የሚሰጥ የሁለት ቀን ዐውደ ጥናት እንደማይበቃ ለመገንዘብ አያዳግትም። በጀርመን፣ በስዊዘርላንድና በኔዘርላንድም በወጣት ማሳደጊያ ተቋማት ለሚኖሩ የጠባይ ችግር ላለባቸው ልጃገረዶች ተመሳሳይ ሥልጠና ተሰጥቶ ተጠንቷል።

ለመሆኑ ሥልጠናው ምንድን ነው? ልጃገረዶቹ በትንሽ ቡድን ሆነው በየሳምንቱ ይሰበሰባሉ። የመጀመሪያው ትምህርት ስሜትን በስሙ መጥራት ነው። አማርኛችን በዚህ ድሃ አይደለም፤ ንዴት አለ፤ እልህ አለ፤ ቅያሜ አለ፤ ቅናት አለ፤ ኀፍረት አለ። ልጅቱ ግን ሁሉንም «ተናደድሁ» ትለዋለች፤ ስታፍርም ስትቀየምም መልሷ አንድ ነው፤ ቡጢ።

ሁለተኛው የጥፋቱን ሰንሰለት ወደ ኋላ መቁጠር ነው። ጓደኛዋን በጥፊ የመታች ልጅ «ለምን መታሻት?» ስትባል ዝም ትላለች። «ከዚያ በፊትስ ምን ሆነ?» እየተባለች ስትጠየቅ ግን ነገሩ ይወጣል፤ ሌሊቱን አልተኛችም፤ ቁርስ አልበላችም፤ እናቷ ተሰደበች፤ ደረቷ ጋለ፤ እጇ ተነሣ። ከእነዚህ ቀለበቶች አንዱን መፍታት ከተቻለ ጥፊው ላይደርስ ይችላል። ሦስተኛው ልምምድ ነው፤ ትንፋሽን ቀስ ብሎ ማስወጣት፣ ፊትን በቀዝቃዛ ውሃ መታጠብ፣ ከቦታው ዘወር ማለት፣ ከዚያም ተመልሶ የሚፈልጉትን በቃል መጠየቅ። በሰላሙ ጊዜ ያልተለማመዱት በንዴት ሰዓት አይገኝም።

«የሀብታም አገር ቅንጦት ነው» የሚሉኝ ይኖራሉ። ሥልጠናውን የሚሰጠው ግን የግድ ሐኪም አይደለም፤ በሚገባ የሠለጠነና ክትትል የማይለየው መምህር ወይም ማኅበራዊ ሠራተኛ ሊመራው ይችላል። «ስድነትን ማባበል ነው» የሚሉም አይጠፉም። ማባበል የሠራችውን እንዳልሠራች መቁጠር ነው፤ እዚህ ግን ልጅቱ ጥፋቷን ቀለበት በቀለበት ራሷ ትዘረዝራለች። ከዐሥር አለንጋ ይልቅ ይህ ይከብዳል።

ሁለት ነገር ሳልናገር ግን አላልፍም። አንደኛ፣ በቤቷ የምትደበደብን ወይም የምትደፈርን ልጅ «በረዥሙ ተንፍሺ» ማለት በቁስሏ ላይ መቀለድ ነው። አስቀድሞ በዳዩ ይያዝ፤ ልጅቱም ከእጁ ትውጣ። ሁለተኛ፣ ዓላማው ዝምተኛ ልጃገረድ ማፍራት ከሆነ ባይጀመር ይሻላል። «ሴት በማጀት፣ ወንድ በችሎት» የሚለው ተረት ዝምታን ሲያስተምር ኖሯል። የልጅቱ ቁጣ ብዙ ጊዜ ምክንያት አለው፤ ልትማር የሚገባት ያን ምክንያት ይዛ ችሎት ፊት መቆምን ነው። በደሉን በቃል መናገር ያልተማረና የሚሰማው ያጣ ትውልድ በድንጋይና በጥይት ሲነጋገር አይተናል።

ስለዚህ ለትምህርት ሚኒስቴርና ለክልል ትምህርት ቢሮዎች የማቀርበው ጥያቄ ግልጽ ነው። ማባረር የመጨረሻ እንጂ የመጀመሪያ እርምጃ አይሁን። ይህ ሙያ በመምህራን ማሠልጠኛ ኮሌጆች ይሰጥ። በየትምህርት ቤቱ ለሚመደብ የምክር አገልግሎት ሠራተኛም እውነተኛ በጀት ይያዝለት። በውጭ የምትኖሩ የሥነ ልቦናና የማኅበራዊ ሥራ ባለሙያዎችም፣ የሥልጠና ጽሑፎቹን ልጆቻችን በሚናገሩባቸው ቋንቋዎች የማዘጋጀቱ ድርሻ የእናንተ ነው። መተርጐም ብቻውን አይበቃም፤ እልህንና ቅያሜን የሚያውቅ ሰው እንደገና ሊጽፋቸው ይገባል።

ያቺ ልጅ ከግቢው በር ከወጣች በኋላ የምናፈሰው እንባ አይመልሳትም። ሳይቃጠል በቅጠል!

ቸር እንሰንብት።