ጥቃቅኑ ነገርና ጠቅላላው ሐሳብ

ዘንድሮ በክፍላችን ውስጥ በዕረፍት ሰዓትም ወደ ቤት ስንመለስ በመንገድም ያከራከረን አንድ ጉዳይ አለ። ይኸውም ለተማሪ የሚበጀው እያንዳንዱን ጥቃቅን ነገር ተከታትሎ ማወቅ ነው ወይስ የነገሩን ጠቅላላ ሐሳብ መጨበጥ? የሚል ነው። ከጓደኞቼ ገሚሶቹ «ጠቅላላው ከገባኝ ይበቃኛል፤ ዓመተ ምሕረትና ቀመር መሸምደድ የበቀቀን ሥራ ነው» ይላሉ። የቀሩት ደግሞ «ዓመቱን የሳተ ተማሪ ጠቅላላ ሐሳቡን ለፈታኙ ቢያወራለት ማን ይሰማዋል?» ብለው ይመልሳሉ። ክርክሩ ሲበረታ ነገሩ ወደ ጠባይ ይዞራል፤ አንዱ «እኔ በተፈጥሮዬ ሰፋ ያለ ነገር ነው የምወደው» ሲል ሌላው «እኔ ጠንቃቃ ነኝ» ይላል፤ እንዲህም እየተባለ ሁሉም በየወገኑ ይቀመጣል። በእኔ አስተያየት የተሳሳተው ይህ መከፋፈሉ ራሱ ነው። ሁለቱም የአንድ ሰው ሥራ እንጂ የሁለት ዐይነት ሰዎች ጠባይ አይደሉም። ይህን ለማስረዳት ወደ ሩቅ አልሄድም፤ እኛ የሁሩሙ ልጆች ከሁሉ አብልጠን የምናውቀውን ቡናን ምስክር አደርጋለሁ።

አምና በቤታችን የሆነውን ላስቀድም። በለቀማው ወራት ቀዩን ፍሬ ብቻ እየመረጥን ለቀምን፤ በቅርጫታችን ውስጥ አረንጓዴ ፍሬ ከተገኘ አያቴ ይቈጡ ነበር። መሬት ሳይነካ በአልጋ ላይ አደረቅነው፤ ማታ ማታ ጤዛ እንዳይወርድበት ሸፈንነው፤ ከተፈለፈለም በኋላ በሰፌድ ላይ እያደረግን ጥቁሩን፥ የተሰበረውንና ነቀዝ የበላውን አንድ በአንድ ለየነው። የታናሽ ወንድሜ ጣቶች ከሁላችን ይፈጥኑ ነበር። ይህ ድካም በከንቱ አይደለም፤ ቡና መርማሪዎች ለብዙ ዓመታት ሲሠሩበት በኖሩት መለኪያ 350 ግራም ጥሬ ቡና ተዘርግቶ ጉድለቱ ይቈጠራል፤ በዚያም ውስጥ አንዲት ሙሉ ጥቁር ፍሬ ከተገኘች ቡናው ከላይኛው ደረጃ ይወርዳል። ታዲያ ከዚህ ሁሉ በኋላ ጆንያዎቹን ያኖርናቸው ነጭ ጋዝና ማዳበሪያ በሚቀመጥበት ጓዳ ነበር። ቡና ሽታ ቶሎ የሚስብ መሆኑን ሁላችንም እናውቃለን፤ በዚያ ቀን ግን ማንም አላሰበውም። ገዢው ሰው አንድ እፍኝ አንሥቶ ወደ አፍንጫው አስጠጋና ምንም ሳይናገር ወደ ጆንያው መለሰው። የምርጥ ቡና ዋጋ ስንጠብቅ በተራው ዋጋ ተሸጠ።

ይህን የምጽፈው ማንንም ለመውቀስ አይደለም፤ አንዳችንም አልሰነፍንም። እያንዳንዳችን በእጃችን ያለውን ፍሬ አይተናል፤ ፍሬው ከዛፉ ተነሥቶ እስከ ገዢው እጅ የሚሄድበትን መንገድ ግን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በሐሳቡ የተከተለ ሰው አልነበረም።

እኔም ራሴ በሌላው በኩል ወድቄ ዐውቃለሁ። ባለፈው ክረምት ከሦስት ጓደኞቼ ጋራ ሆነን በአንድ ራቁቱን በቀረ ዳገት ላይ ችግኝ ለመትከል ዐቀድን። ዳገቱ ወደ ፊት ምን እንደሚመስል በቀለም ሥዬ ነበር፤ ዋንዛው፥ ብሳናው፥ ከሥራቸውም የሚፈልቀው ምንጭ ሳይቀር ተሥሏል። ችግኙም ተተከለ። አጥሩን የሚያጥረው ማን እንደ ሆነ ግን አልተነጋገርንም ነበርና ፍየሎቹ ሥራቸውን ሠሩ። አባቴ ሥዕሉን አይተው «ላም አለኝ በሰማይ፥ ወተቷንም አላይ» ብለው ሳቁብኝ። ሥዕሉ እስከ ዛሬ በግድግዳችን ላይ አለ።

እነዚህ ሁለቱ የቤት ወሬ ናቸው፤ አሁን ወደ ትልቁ ምስክሬ ልለፍ። ከዚህ በታች ዘመኑን ሁሉ የምጽፈው በአውሮጳ አቈጣጠር ነው፤ ምክንያቱም ኋላ ይታያል። በ1971 የቡና ፍሬ በሽታ ወደ አገራችን መግባቱ ታወቀ። አስቀድሞ በ1922 በኬንያ የታየ በሽታ ነው። የሚያመጣውም ፈንገስ ሲሆን፥ ገና ያልበሰለውን አረንጓዴ ፍሬ ይይዝና ጥቁር ጠባሳ ያወጣበታል፤ ፍሬውም ወይ ይረግፋል፥ ወይ እንደ ጠቈረ በዛፉ ላይ ይደርቃል። በተለይ ከፍታና ዝናብ በሚበዛበት የቡና አገር ይበረታል። የኢትዮጵያ የውጭ ንግድ ገቢ ከሁሉ ይልቅ በቡና ላይ የቆመ ስለ ነበረ፥ ይህ የአገር አደጋ ነበር።

እንዲህ ያለ አደጋ ሲመጣ በመጀመሪያ የሚታሰበው በቡናው ሁሉ ላይ መድኃኒት መርጨት ነው። በኬንያም ይረጭ ነበር። ነገር ግን በደን ውስጥ ተበታትኖ ለሚገኘው ለእኛ ገበሬ ቡና መድኃኒቱ፥ መርጫውና ገንዘቡ ከየት ይመጣል? ስለዚህ ጅማ አጠገብ በመልኮ ባለው የምርምር ጣቢያ የሠሩት ሰዎች፥ ኢትዮጵያውያንም የውጭ አገር ባለሙያዎችም፥ ሌላ ጥያቄ ጠየቁ። ዐረቢካ ቡና የተፈጠረው በዚህ አገር ደን ውስጥ ነው፤ ዛፎቹም አንዱ ከሌላው ይለያያሉ፤ እንግዲያስ ጎረቤቶቿ ሁሉ ታመው እሷ ጤነኛ ሆና የቆመች ዛፍ አትገኝምን? ጥያቄው ሰፊ ነው፤ መልሱ የተገኘው ግን በእግር እየዞሩ አንዲቱን ዛፍ ከሌላይቱ እየለዩ በመመልከት ነው። በሽታው በጠናበት ቦታ ጤነኛ ሆና የተገኘች ዛፍ ቁጥር ተሰጣት፤ ዘሯም ተወስዶ ከበቀለ በኋላ በችግኙ ላይ ፈንገሱ ሆን ተብሎ ተደርጎ ተፈተነ፤ ይህን ያለፈው ደግሞ በሽታው በሚበረታባቸው እንደ ጌራ ባሉ ስፍራዎች ተተክሎ ታየ።

ከዚህ ሥራ የወጡት የቡና ዐይነቶች ስማቸው ቁጥር ብቻ ነው፤ 74110፥ 74112፥ 74158 እየተባሉ ይጠራሉ። 74 የሚለው ዛፏ የተመረጠችበት ዘመን፥ ማለት 1974 ነው፤ የቀረው የዛፏ ቁጥር ነው። የ74110ና የ74112 እናት ዛፎች የተገኙት ከሩቅ አገር አይደለም፤ እዚሁ ከመቱ አካባቢ፥ ቢሻሪ ከሚባለው ስፍራ ነው። በ1970ዎቹ መጨረሻ ላይ ለገበሬው መሰራጨት ጀመሩ፤ ዛሬ በይርጋ ጨፌና በጉጂ ሳይቀር ይበቅላሉ፤ በውጭ አገርም በቡና ከረጢት ላይ ቁጥራቸው ታትሞ ይታያል። ያን ጊዜ መዝጋቢው ደክሞት 110 ማለት ሲገባው 101 ብሎ ጽፎ ቢሆን ኖሮ ዘሩን ከየት እንደ ወሰዱት ማን ያውቅ ነበር? ሰፊው ጥያቄ ባይኖር ደግሞ ያች ዛፍ የአንድ ገበሬ መልካም ዛፍ እንደ ሆነች አርጅታ ትወድቅ ነበር።

እዚህ ላይ ለክፍሌ ልጆች አንድ ቃል አለኝ። 1971ና 1974 የሚሉትን ቁጥሮች የሚሸመድድ ሰው ሁለት ቁጥሮች ብቻ ይዟል፤ በመካከላቸው ሦስት ዓመት ብቻ እንዳለ ያየ ግን ሰዎቹ ምን ያህል እንደ ተጣደፉ ይገባዋል። ጠቅላላውን ሐሳብ ያገኘው ከቁጥሩ ነው። ዓመተ ምሕረት የሚንቁ ጓደኞቼ ይህን ቢያስቡበት ደስ ይለኛል።

የሆነ ሆኖ ታሪኩ በዚህ አያበቃም። ጥሩ ዛፍ ሲገኝ ሰው ሁሉ እሷን ብቻ ለመትከል ይሽቀዳደማል። ዐረቢካ ቡና ከአገራችን ወጥቶ በዓለም የተሰራጨው ከጥቂት ዛፎች ዘር ነው። ዛሬ ስሪ ላንካ በምትባለው በሴሎን ደሴት ተራራው ሁሉ ቡና ለብሶ ሳለ በ1869 የቅጠል ዝገት በሽታ ገባ፤ አንዱን የያዘው ሁሉንም ያዘ፤ ተካዮቹም ቡናውን ትተው ወደ ሻይ ዞሩ። የሴሎን ተካዮች ሥራቸውን የማያውቁ ሰዎች አልነበሩም፤ አረሙን፥ ረድፉን፥ ለቀማውን ጠንቅቀው ያውቁ ነበር።

ዩኔስኮ በ2010 የያዩን የቡና ደን በዓለም ከሚጠበቁት ሥፍራዎች መካከል ሲመዘግበው የታሰበው አንዱ ነገር ይኸው ነው። ስፋቱ ከ167 ሺህ ሄክታር በላይ ሲሆን የእኛም የሁሩሙ ወረዳ በውስጡ አለበት። መካከለኛው ክፍል ቡናው በራሱ እንዲኖር የሚተው ደን ነው፤ በዙሪያው ሰው እየተንከባከበ የሚለቅመው አለ፤ ከዚያ ውጭ እርሻውና ከተማው ይከተላል። ነገ ሌላ በሽታ ቢመጣ የምትቋቋመው ዛፍ የትኛዋ እንደ ሆነች አስቀድሞ ማወቅ አይቻልም፤ ስለዚህ ሁሉም እንዲኖሩ ያስፈልጋል።

ይህን ሁሉ የጻፍኩት ለክርክር ብቻ አይደለም፤ ነገሩ አሁን በቤታችን ስላለ ነው። አባቴ በወንዙ ዳር ያለውን የአያቴን አሮጌ ቡና ነቅለው፥ በሙሉ በአንድ ቁጥር ችግኝ ለመተካት አስበዋል። ምክንያታቸው እውነት ነው፤ አሮጌው ጥቂት ይሰጣል፤ በትምህርት ቤት ያለነው ልጆቻቸው ደግሞ አራት ነን። እኔ «ላይኛው በአዲሱ ይተከል፤ የወንዙ ዳር ግን ይቆይ፤ ያ ሁሉ ዐይነት ዛፍ ከጠፋ በኋላ አይመለስም» ብዬ ተናገርኩ። ስለ ሴሎንም ነገርኳቸው። አባቴ በጸጥታ ሰምተው ሲያበቁ «መልካም፤ የትኛዋ ዛፍ ምን ያህል እንደምትሰጥ፥ የትኛዋ እንደምትታመም ታውቂያለሽ?» አሉኝ። አላውቅም ነበር። «እንግዲያው ቈጥረሽ አምጪና እንነጋገራለን» አሉ።

ስለዚህ ቅዳሜ ቅዳሜ ከወንድሜ ጋራ ደብተርና የጨርቅ ቁራጭ ይዘን እንወርዳለን። እስከ አሁን ስልሳ ሦስት ዛፎች ጽፈናል። አያቴ አብረውን ይመጣሉ፤ ዛፎቹን በቁጥር ሳይሆን በስም ነው የሚያውቋቸው፤ አንዲቱን «የሠርጌ ዛፍ» ይሏታል። በደብተሬ ላይ ከቁጥሩ አጠገብ ስሟንም እጽፋለሁ።